ባንኮክን በጀልባ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በሁለት የቀድሞ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



እኛ በዚህ ትምህርት ቤት ያደግን እኅትና ወንድም ነን። አንዳችን የ11ኛ፣ አንዳችን የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን፣ በነሐሴ ወር 2011 ዓ.ም. ከእናታችንና ከአባታችን ጋር ወደ ታይላንድ ዋና ከተማ ወደ ባንኮክ ሄደን ሦስት ሳምንት ተቀምጠን ተመልሰናል። የጂኦግራፊ መምህራችን የነበሩት ሰው «ስለዚያች ከተማ ያያችሁትን ለልጆቹ ንገሩልኝ» ብለው ስላዘዙን፣ የመምህር ትእዛዝ ከትምህርት ቤት ከወጡ በኋላም አይፈርስምና እነሆ በፊታችሁ ቆመናል።

በአገራችን «እገሌ ባንኮክ ሄዱ» ሲባል ሰሚው ብዙ ጊዜ «ምን አገኛቸው?» ይላል እንጂ «ምን ሊያዩ?» አይልም። ለሕክምና የሚሄደው ሰው ብዙ ነውና። የእኛም አካሄድ እንደዚሁ ነበር፤ እናታችን ሊታከሙ፣ አባታችን ሊያስታምሙ፣ እኛም የክረምት ዕረፍት ስለ ነበረ አብረን ሄድን። እግዚአብሔር ይመስገን እናታችን ድነው ዛሬ እዚህ ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ስለ ሕመማቸው እንዳናወራም ከቤት ስንወጣ አስጠንቅቀውናል። ስለዚህ ስለ ሆስፒታሉ ዝም እንላለን። የምንናገረው እሳቸው «ግድግዳ ስታዩ አትዋሉ፤ ሂዱና ከተማውን እዩ» እያሉ ባስወጡን ቀናት ስላየነው ነው።

በመጀመሪያ ከተማይቱ ያለችበትን ስፍራ እንናገር። ካርታ ለሚያይ ሰው ባንኮክ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ13 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ላይ ትገኛለች፤ ይህም ከእኛ ከመቀሌ ኬክሮስ እምብዛም አይርቅም። ነገር ግን መቀሌ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስትቀመጥ፣ የባንኮክ ከፍታ በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ይህ ከእኛ ከሁለታችን የአጭሩ ቁመት ያነሰ ነው። የአገርን ሙቀት ኬክሮስ ብቻ ሳይሆን ከፍታም እንደሚወስነው በክፍል ውስጥ ለፈተና አጥንተነው ነበር፤ የአየር ማረፊያው በር በተከፈተ ጊዜ ግን ድስት የሚንተከተክበት ማድ ቤት የገባን መሰለን፤ ያን ጊዜ ትምህርቱ ገባን። ነሐሴ በዚያም የዝናብ ወራት ነው። ዝናቡ እንደ እኛ ክረምት ብርድ አያመጣም፤ ወርዶ ሲያባራ ምድሩ ይተናል፤ ሸሚዝም ሳይደርቅ ይመሻል።

ታይላንድ እንደ እኛ የራሷ ፊደል አላት፤ በአውሮፓ መንግሥታትም ቅኝ አልተገዛችም። ዘመኗንም የምትቈጥረው ቡድሃ ካረፈበት ጊዜ ጀምራ ነው። እኛ በ2011 ዓ.ም. ሌሊት ከአዲስ አበባ ተነሥተን በማግሥቱ ስንደርስ ዘመኑ 2562 ሆኖ ቆየን። አባታችን በሆስፒታሉ ወረቀት ላይ ይህን አይተው «በአንድ ሌሊት 551 ዓመት አለፈን» ብለው እናታችንን አሳቋቸው። ከሁሉ ያስደነቀን ግን የሰዓት አቆጣጠራቸው ነው። በጥንቱ ልማድ ቀንና ሌሊቱ ስድስት ስድስት ሰዓት ባላቸው አራት ክፍሎች ይከፈላል፤ ስለዚህ በፈረንጅ ከጧቱ 8 ሰዓት የሚባለው በእነርሱ የድሮ አነጋገር «ሁለት» ነው፤ ከምሽቱ 7 ሰዓት የሚባለውም የሌሊቱ «አንድ» ነው። ልክ እንደ እኛ! ከቀትር በኋላ ግን እነርሱ እንደገና ከአንድ ስለሚጀምሩ መንገዳችን ይለያያል። ዛሬ በመሥሪያ ቤትና በባቡር ጣቢያ በ24 ሰዓት ይጠቀማሉ። ከእንግዲህ የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን እወቁልን።

ባንኮክ ዋና ከተማ የሆነችው በ1782 ነው። ቀድሞ ዋና ከተማ የነበረችው አዩታያ በ1767 በበርማ ጦር ጠፍታ ነበር። ንጉሥ ራማ 1ኛ ዙፋናቸውን ከቻኦ ፕራያ ወንዝ ምዕራብ ዳር ወደ ምሥራቁ ዳር አሻግረው፣ ወንዙ በሚታጠፍበት ስፍራ ላይ ቤተ መንግሥታቸውን ሠሩ፤ በጀርባውም ቦይ አስቈፍረው ከተማይቱን እንደ ደሴት በውሃ አስከበቧት። የአገሩ ሰው ባንኮክ አይላትም፤ ክሩንግ ቴፕ ነው የሚላት፤ የመላእክት ከተማ ማለት ነው። ሙሉ ስሟ 168 ሆሄያት ስላሉት በዓለም ረጅሙ የቦታ ስም ተብሎ ተመዝግቧል። ይህን ስም ለፈተና የሚጠይቅ መምህር እንዳይመጣባችሁ እንጸልያለን።

በዚያ ዘመን መንገድ ማለት ውሃ ማለት ነበር። ሰው ገበያ የሚሄደው፣ ሩዝ የሚጭነው፣ ሙሽራ የሚያመጣው በጀልባ ነው፤ ቤቱም በግንድ ላይ ከፍ ብሎ ወይም በውሃው ላይ ተንሳፎ ይቀመጥ ነበር። በኋላ የውጭ አገር ሰዎች በሠረገላ የምንንሸራሸርበት ጎዳና ይሠራልን ብለው ንጉሥ ሞንኩትን ስለ ለመኑ፣ ከ1862 እስከ 1864 ቻሮን ክሩንግ የተባለው ጎዳና ተሠራ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ እየበዛ፣ ቦዩም እየተደፈነ ሄደ። ዛሬ ከነአካባቢዋ ከ10 ሚሊዮን ሕዝብ በላይ የሚኖርባት ይህች ከተማ በመኪና ታፍናለች። በ1999 ከመሬት በላይ በዓምድ ላይ የሚሄድ፣ በ2004 ደግሞ ከመሬት በታች የሚሄድ ባቡር ተሠርቶላት ጥቂት ተንፍሳለች።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እኛም እንደ ማንኛውም አገር ጎብኚ በታክሲ ሄድን። ያየነውም የፊተኛውን መኪና ጀርባ ነው። የተቀመጥንበት ሰፈር ሱኩምቪት ከሚባለው ጎዳና አጠገብ ሶይ 3 የሚባለው አካባቢ ሲሆን፣ የዐረብና የአፍሪካ ሰው የሚበዛበት፣ እንጀራም የሚገኝበት ነው። በዚያ ያገኘናቸው አንዲት የአገራችን ሴት፣ እትዬ እያልን የምንጠራቸው፣ «ልጆቼ፣ ይህን ከተማ በመኪና መስኮት ካያችሁት አላያችሁትም፤ ከቤታችሁ ጀርባ ጀልባ አለላችሁ» አሉን። ከዚያ ቀን በኋላ ታክሲ የተሳፈርነው ከእናታችን ጋር ስንሆን ብቻ ነው።

እውነትም ከሰፈሩ በስተሰሜን ጥቂት በእግር እንደ ተሄደ ሴን ሴፕ የሚባል ቦይ አለ። የተቈፈረው ከ1837 እስከ 1840፣ በንጉሥ ራማ 3ኛ ዘመን፣ ወደ ካምቦዲያ ለሚደረግ ዘመቻ ጦርና ስንቅ እንዲመላለስበት ነበር። አሁን የሚያመላልሰው ጸሐፊ፣ ነርስ፣ ተማሪና ነጋዴ ነው። ጀልባው ረጅምና ጠባብ ነው፤ በሁለቱም ጎኑ ገመድ ተዘርግቷል። ወደ መውረጃው ሲጠጋ አይቆምም ለማለት ይቻላል፤ የሚወርደው ይዘላል፤ የሚሳፈረውም ይዘላል። ትኬት ቆራጩ እንደ ሞተር ብስክሌት ነጂ የራስ ቁር አድርጎ፣ ገመዱን በአንድ እጁ ይዞ፣ በጀልባው የውጭ ጠርዝ ላይ እየተራመደ ገንዘብ ይሰበስባል። እኛ በሄድንበት ጊዜ ዋጋው ከ20 ባህት አይበልጥም ነበር። ዝቅተኛ ድልድይ ሲመጣ የጀልባው ጣራ ዝቅ ይላል፤ ትኬት ቆራጩም ጎንበስ ይላል። ሌላ ጀልባ ሲያልፍ ውሃው ስለሚረጭ፣ ከዳር የተቀመጠ ሰው የላስቲኩን መጋረጃ በገመድ ስቦ ከፍ ማድረግ ግዴታው ነው። ይህን የሚያዝ አለቃ የለም። በመጀመሪያው ቀን አንዲት የደንብ ልብስ የለበሰች ተማሪ ገመዱን በእጃችን አስያዘችና እንዴት እንደሚሳብ አሳየችን፤ ከዚያ በኋላ እኛም ለመጋረጃው ኃላፊዎች ሆንን።

ውሃው ጥቁር ነው፤ ሽታውንም እንሰውረው ብንል አንችልም። ነገር ግን ባንኮክን ያየነው ከዚያ ላይ ሆነን ነው። በጎዳናው በኩል ያለው መስተዋትና ማስታወቂያ ነው፤ በቦዩ በኩል ያለው ግን የቤቱ ጓዳ ነው። አሮጊቷ ሰሃን ሲያጥቡ፣ ሽማግሌው የወፍ ጎጆ ሲሰቅሉ፣ ሕፃን በገንዳ ሲታጠብ፣ ልብስ ተሰጥቶ፣ የአበባ ቆርቆሮ ተደርድሮ ይታያል። ደግሞም ባሕርያቸው የእኛን ይመስላል፤ የማያውቁትን ሰው በዘመድ ስም ነው የሚጠሩት። ጥቂት የሚበልጣቸውን «ፒ» ይሉታል፣ እኛ ጋሼ ወይም እትዬ እንደምንለው፤ ሽማግሌውን «ሉንግ» ይላሉ፣ አጎቴ ማለት ነው። እኛም ይህን ሁለት ቃል ከተማርን በኋላ ፊቱን ያዞረብን ሰው አልነበረም።

በዚሁ ቦይ ላይ አንድ መውረጃ አጠገብ የጂም ቶምፕሰን ቤት የሚባል ሙዚየም አለ። ጂም ቶምፕሰን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማለቂያ ወደ ባንኮክ የመጣ አሜሪካዊ ሲሆን፣ የታይን ሐር ለዓለም ገበያ ያስተዋወቀ ሰው ነው፤ በ1967 በማሌዢያ ተራሮች ለሽርሽር ወጥቶ በዚያው ጠፋ፤ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ጎብኚው ሁሉ ትኬት ቆርጦ ቤቱን ያያል፤ ቤቱም ያማረ ነው። ሐሩ የተሸመነው ግን በቦዩ ማዶ፣ ባን ክሩዋ በምትባለው ሰፈር ነው። ነዋሪዎቿ አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከካምቦዲያ በኩል የመጡ ቻም የተባሉ እስላሞች ናቸው። ድልድዩን ተሻግረን ስንገባ መተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። የሸማኔ ዕቃ ድምፅ ከአንድ ቤት ሰማንና በበሩ ቆመን አየን። የእኛ ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ይቀመጣል፤ የእነርሱ ግን በከፍተኛ የእንጨት መቀመጫ ላይ ሆኖ ይሠራል፤ መወርወሪያው ሲመላለስ የሚያሰማው ድምፅ ያው ነው። ይህች ሰፈር የፈጣን መኪና መንገድ ሊያልፍባት ታቅዶ በነበረበት ጊዜ ነዋሪዎቿ ለብዙ ዓመታት ተከራክረው ቤታቸውን አድነዋል።

ስለ ባን ክሩዋ የነገርናችሁ በቦዩ ጫፍ ያለችው ሌላይቱ ሰፈር ስላልዳነች ነው። ጀልባው በዚያን ጊዜ ጉዞውን የሚጨርሰው ማሃካን በተባለው ምሽግ አጠገብ ነበር። በራማ 1ኛ ዘመን ከተማይቱን ከሚጠብቁት 14 ምሽጎች መካከል ዛሬ የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ይህ ነው፤ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ መድፍ የተደረደረበት፣ ለፎቶግራፍ የተመቸ ነው። ከምሽጉ ግንብ በስተጀርባ፣ በግንቡና በቦዩ መካከል፣ ጥቂት መቶ ሰዎች የሚኖሩባት የእንጨት ቤቶች ሰፈር ነበረች። ከቤቶቹም አያሌዎቹ ከመቶ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ነበራቸው። ከሰዎቹ የወፍ ጎጆ የሚሠሩ ነበሩ። የከተማው አስተዳደር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስፍራው ለአገር ጎብኚዎች ያማረ መናፈሻ ይሁን ብሎ ወሰነ። ነዋሪዎቹም «ቤቶቻችን ራሳቸው የሚጎበኙ ናቸው፤ እኛ እንጠብቃቸው፣ እናስጎብኝም» ብለው ከሃያ አምስት ዓመት ያላነሰ ጊዜ ተከራከሩ። ማይክል ኸርዝፌልድ የተባለ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ስለ እነርሱ መጽሐፍ ጽፎ በ2016 አሳትሟል። በመጨረሻ በሚያዝያ 2018 የቀሩት ሰዎች ወጡ፤ ቤቶቹም ፈረሱ።

እኛ የደረስነው ከዚያ በኋላ ዓመት ከጥቂት ወራት ቆይተን ነው። ሣሩ በሚገባ ታጭዷል፤ መንገዱ ተነጥፏል፤ ታላላቅ ዛፎችም ቆመዋል። በቀትር ስንገባ ከእኛና ከአንድ ዘበኛ በቀር ሰው አልነበረበትም። ለማን ተብሎ እንደ ተሠራ ስንጠያየቅ፣ ለእኛ ለጎብኚዎች ተብሎ መሆኑን ከተተከለው ሰሌዳ አነበብን። ይህን ነገር ለአባታችን ማታ ብንነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው «እንግዳ ይምጣ ተብሎ ቤተሰቡ ከቤት ከወጣ እንግዳው ከማን ጋር ይበላል?» አሉን። ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረንም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ያማረ ባዶ ስፍራ ባየን ቁጥር ቀድሞ ማን ነበረበት ብለን መጠየቅ ልማድ ሆነብን፤ በባንኮክ ብቻም አይደለም።

ከዚያው ፊት ለፊት ወርቃማው ተራራ የሚባል አለ፤ ተራራ ቢባልም በሰው እጅ የተሠራ ነው። ራማ 3ኛ በዚያ ታላቅ የጡብ ሕንጻ ሲያስጀምሩ ሥሩ ያለው ጭቃ መሸከም አቅቶት ፈረሰ፤ ኋላ ክምሩ ተጠናክሮ በላዩ ላይ ቤተ መቅደስ የተፈጸመው በራማ 5ኛ ዘመን ነው። ከ300 በላይ ደረጃ አለው። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ከተማይቱ ሜዳ ብቻ መሆኗ ይታወቃል፤ እስከ ዓይን መድረሻ ኮረብታ የሚባል ነገር የለም።

ስለ ታላላቆቹ ገዳማት በአጭሩ እንለፍ፤ ሥዕላቸው በብዙ መጽሐፍ አለና። በዋት ፖ በጎኑ የተጋደመው የቡድሃ ምስል 46 ሜትር ይረዝማል። ዋት አሩን በቻይና ሰሃን ስባሪ ያጌጠ ሲሆን፣ ስባሪው በፀሐይ ሲያብረቀርቅ ከወንዙ ማዶ ይታያል። በቤተ መንግሥቱ ግቢ ባለው በዋት ፕራ ኬው የሚከበረው አረንጓዴ ቡድሃ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ያነሰ ነው፤ ልብሱም በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ለበጋ፣ ለዝናብና ለቀዝቃዛው ወራት፣ በንጉሡ እጅ ይለወጣል። እኛ ስንሄድ የዝናብ ልብሱን ለብሶ ነበር። ወደዚያ ግቢ ትከሻና ጉልበት ገልጦ መግባት አይቻልም። ብዙ ፈረንጆች በበሩ ላይ ተመልሰው ዝሆን የታተመበት ሱሪ ሲገዙ፣ ረጅም ቀሚስ ለብሳ ነጠላ የደረበችው ከእኛ አንዷ ግን ዘበኛው እጁን አጋጥሞ ሰላም ብሎ አሳለፋት። ጫማ ማውለቁም ለእኛ አዲስ ነገር አልነበረም።

በቤተ መንግሥቱ አጥር ሥር አንድ መልካም ልብስ የለበሰ ሰው ቀርቦ «ዛሬ ጸሎት ስላለ እስከ ከሰዓት በኋላ ዝግ ነው፤ እስከዚያ በ20 ባህት ከተማውን ላሳያችሁ» አለን፤ እኛ ባጃጅ የምንላትን ቱክ ቱክም አስጠጋ። የዚህ ዐይነቱ ጉዞ መጨረሻው የከበረ ድንጋይ ሱቅ እንደ ሆነ እትዬ ነግረውን ስለ ነበር፣ በትሕትና እጅ ነሥተን ሃምሳ እርምጃ ብንሄድ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ይህን የምንናገረው የታይን ሕዝብ ለመንቀፍ አይደለም፤ የረሳነውን ጃንጥላ ጀልባ ድረስ ሮጠው ያቀበሉንም ከዚያው ከተማ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። በቻይናዎች ሰፈር አጠገብ ዋት ትራይሚት በሚባለው ገዳም 5 ቶን ተኩል የሚመዝን የወርቅ ቡድሃ አለ። ይህ ምስል ለብዙ ዘመን በኖራ ተለብጦ ስለ ኖረ ማንም ወርቅ መሆኑን አያውቅም ነበር፤ ምናልባትም ከበርማ ጦር ለመሰወር የተደረገ ነው ይባላል። ሃያ ዓመት ያህል በቆርቆሮ ጣራ ሥር ተቀምጦ፣ በ1955 ወደ አዲስ ቤት ሲዛወር ኖራው ተሰነጠቀና ወርቁ ታየ። የተላጠው የኖራ ቁራጭም ተጠብቆ ይታያል። ከእኛ አንዱ ከወርቁ ይልቅ ኖራውን ብዙ ጊዜ ቆሞ ሲያይ ነበር፤ ለምን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልነገረንም።

በታይላንድ ነሐሴ 12 የእናቶች ቀን ነው፤ ይህም የንግሥት ሲሪኪት የልደት ቀን በመሆኑ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ያን ዓመት ነሐሴ 6 ቀን ዋለ። የትምህርት ቤት ልጆች በእናቶቻቸው እግር ሥር ተንበርክከው ነጭ የጽጌ ጃስሚን አበባ ይሰጣሉ። ይህን ስንሰማ በዋዜማው ወደ አበባው ገበያ ወደ ፓክ ክሎንግ ታላት ወረድን፤ የስሙ ትርጕም የቦይ አፍ ገበያ ማለት ነው። ቀድሞ ሻጮቹ በእግረኛው መንገድ ላይ ተደርድረው ይሸጡ ነበር፤ በ2016 ከዚያ ተነሥተው ወደ ሕንጻዎቹ ውስጥ ገብተዋል። አንዲት ሴት አበባውን በረጅም መርፌ እየሰኩ የአንገት ጉንጉን ሲሠሩ ቆመን ጠበቅናቸው። ለማን እንደ ሆነ ጠየቁን፤ በምልክት ነገርናቸው፤ ሆስፒታል መሆኑንም ሲረዱ ሁለተኛ ጉንጉን ጨምረው ገንዘቡን አንቀበልም አሉ። ያን ዕለት እናታችን ከአልጋቸው ተነሥተው በመስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ከዚህ በላይ እንዳንናገር ታዝዘናል።

ስለ ምግብ ለሚጠይቁን ወላጆች፣ የፍልሰታ ጾም ስለ ነበረ እንደምንቸገር ፈርተን ነበር፤ ሁሉም ምግባቸው የዓሣ መረቅ አለበትና። ነገር ግን ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ «ጄ» የሚል ፊደል የተጻፈባቸው ምግብ ቤቶች አሉ፤ በእነርሱ ዘንድ ሥጋ፣ ዕንቍላል፣ ወተት፣ የዓሣ መረቅ፣ ነጭ ሽንኩርት እንኳ ሳይቀር የተከለከለ ነው። ከእኛ ጾም ይጠብቃል! ማንጎ ከተጣባቂ ሩዝና ከኮኮናት ወተት ጋር የቀመሰ ሰው ግን ጾም ላይ ነኝ ለማለት ያፍራል።

አሁን ስለ ውሃው የቀረውን እንናገር፤ ይህ ለጂኦግራፊ ተማሪዎች ይጠቅማል። ከተማይቱ የተቀመጠችው ወንዙ ባመጣው ለስላሳ ደለል ላይ ነው። ሕዝቡና ፋብሪካው ለብዙ ዓመታት የከርሰ ምድሩን ውሃ በፓምፕ ሲስቡ ደለሉ እየተጨመቀ ዝቅ አለ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአንዳንድ ሰፈር በዓመት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰጥም ነበር። መሳቡ በሕግ ስለ ተወሰነ ፍጥነቱ ቀንሷል፤ ጨርሶ ግን አልቆመም፤ ባሕሩም በበኩሉ ከፍ እያለ ነው። ቦዩ ተደፍኖ መንገድ በመሆኑ ዝናቡ የሚሄድበት አጥቷል። በ2011 ከሰሜን የመጣው ጎርፍ በመላ አገሪቱ ከ800 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ዶን ሙዋንግ የተባለው አየር ማረፊያ እንኳ በውሃ ተውጦ ነበር። የከተማው መካከል እንዳይጠልቅ በአሸዋ ከረጢት ሲከለል፣ ከክልሉ ውጭ የቀሩት ሰዎች ለሳምንታት በውሃ ውስጥ ቆይተው ስለ ነበር ብዙ ቍጣ ተነሣ።

ስለዚህ ነገር የሚያስቡ የአገሩ ልጆች አሉ። ኮችኮርን ቮራክሆም የተባሉ የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያ ሴት በቹላሎንግኮርን ዩኒቨርሲቲ አጠገብ በ2017 የተከፈተውን መናፈሻ በአንድ በኩል ከፍ፣ በሌላ በኩል ዝቅ አድርገው ነድፈውታል፤ ዝናቡ በሣሩ ላይ ወርዶ ከታች ባለው ኩሬ ይጠራቀማል፤ አንድ ሚሊዮን ጋሎን ያህልም ይይዛል። እኛም ከዝናብ በኋላ ሄደን ውሃው ሲወርድ አየን። ልጆች ኩሬው ዳር ያለውን ብስክሌት ሲነዱ፣ ብስክሌቱ ውሃውን እያዞረ ያናፍሰዋል። ከማሃካን ሣር ይልቅ በዚህኛው ሣር ላይ ብዙ ሰው ተቀምጦ ነበር። በሌላው ታላቅ መናፈሻ፣ በሉምፒኒ፣ ደግሞ ከሰው በተጨማሪ አርጃኖዎች እንደ ልባቸው ይመላለሳሉ፤ ከእኛ ታላቂቱ አንዱን አይታ አግዳሚ ወንበር ላይ መውጣቷን ታናሿ በዚህ በዓል ላይ እንዲመዘገብለት ጠይቋል።

ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ፣ በፈረንጅ 8 ማለት ነው፣ በባቡር ጣቢያና በመናፈሻው የብሔራዊ መዝሙር ይሰማል። ያን ጊዜ የሚሮጠው ባለበት ይቆማል፣ ቅርጫት የያዘችውም ቅርጫቷን ታስቀምጣለች፤ መዝሙሩ ሲያልቅ ሁሉም ወደ መንገዱ ይመለሳል። እንግዳም ይቆማል። እኛም በሰልፍ ስላደግን ለመቆም ማንም አላስተማረንም።

ወደዚያ የምትሄዱ ብትኖሩ፣ ቀዝቃዛው ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት መሆኑን እወቁ፤ ገንዘባቸው የንጉሡ ምስል ስላለበት ወድቆ ቢበር እንኳ በእግር አትርገጡት፤ የልጅ ራስም አትዳስሱ፤ ጀልባ ስትሳፈሩም ከዳር ከተቀመጣችሁ ገመዱን ያዙ። የሴን ሴፕን ቦይና የወረድንባቸውን መውረጃዎች በሰማያዊ ቀለም የሣልንበት ካርታ በጂኦግራፊ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ድሮ ቦይ የነበሩትን ጎዳናዎችም በነጠብጣብ መስመር አመልክተናል፤ ያልጨረስነው መስመር ስላለ፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች በመምህራቸው መሪነት ሊቀጥሉበት ፈቃዳችን ነው። ጥያቄ ያለው ካለ ከሻይ በኋላ በዚያው ክፍል እንጠብቃለን።